ከማጠቢያው ሥር የተኛው ውኃ ከየት መጣ?

የአንባቢያን የቤት ጥገና ጥያቄዎችና መልሶች

በዚህ ዕትም የምንመልሳቸው ደብዳቤዎች ሁሉም የወጥ ቤት ዕቃ ማጠቢያን ፍሳሽ የሚመለከቱ ናቸው። የመጀመሪያው ጥያቄ ረዘም ያለ መልስ የሚያሻው ስለሆነ ሰፊውን ቦታ ወስዷል፤ የቀሩት መልሶች በእርሱ ላይ ስለሚመረኮዙ አንባቢ ከላይ ቢጀምር ይመረጣል።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የወጥ ቤታችን ዕቃ ማጠቢያ ከሥሩ ያፈስሳል። ግራ ያጋባኝ ነገር ቀን ዕቃ በምናጥብበት ሰዓት ጎንበስ ብዬ ሳይ አንድም ጠብታ አለማየቴ፣ ማታ ግን የካቢኔቱን ወለል በደረቅ ጨርቅ ወልውዬ ከተኛሁ በኋላ ጠዋት ስከፍተው ርሶ ማግኘቴ ነው። የሲፎኑን ጎማ ሁለት ጊዜ በአዲስ ቀይሬአለሁ፤ ጥርሱ ላይ ቴፍሎን ጠቅልዬ ዳዶውንም በመፍቻ እስከ መጨረሻው አጥብቄአለሁ። በመጀመሪያው ጊዜ ለሁለት ቀን ያህል ቆሞ ነበር፤ ከዚያ ተመልሶ ጀመረ፤ አሁን እንዲያውም የባሰበት ይመስለኛል። የካቢኔቱ ጣውላ ማበጥ ጀምሯል። ባለሙያ ሳልጠራ ልወጣው የምችለው ነገር ነው ወይ?

መልስ፦ ይችላሉ፤ ለዚያውም እስካሁን ካወጡት ጉልበት በሩቡ። በደብዳቤዎ ውስጥ ትልቁ ፍንጭ ጎማውም ቴፍሎኑም ሳይሆን «ቀን አላይም፣ ጠዋት ርሶ አገኘዋለሁ» ያሉት ነው። ይህን አባባል ይዘን ብንሄድ ጥፋቱ ያለበት ቦታ ከሁለት አይበልጥም።

ከማጠቢያ ሥር ሁለት ዓይነት ውኃ አለ። አንደኛው ወደ ቧንቧው የሚወጣው ንጹሕ ውኃ ነው፤ ይህ ሌሊትም ቀንም በግፊት ላይ ያለ ስለሆነ መጋጠሚያው ከላላ ሰው ተጠቀመ አልተጠቀመ መንጠባጠቡን አይተውም፤ ጎረቤቱ ሁሉ ተኝቶ የመስመሩ ግፊት በሚጨምርበት ሌሊት ደግሞ ሊብስበት ይችላል። ሁለተኛው ታጥቦ የሚወርደው ፍሳሽ ነው። ፍሳሽ ግፊት የለውም፤ ሲለቀቅ ይወርዳል፣ ሲያበቃ ቱቦው ባዶ ይሆናል፤ ስለዚህ አብዛኛው የፍሳሽ መጋጠሚያ የሚያፈስሰው ውኃ በሚወርድበት ሰዓት ብቻ ነው። ከዚህ ደንብ ውጭ የሆነው ሲፎኑ ነው። ከማጠቢያው አፍ ቁልቁል የወረደው ቱቦ ወደ ግድግዳው ከመግባቱ በፊት ታጥፎ የሚመለስበት፣ ወይም እንደ ኩባያ ያለ ዕቃ ውስጥ የሚገባበት ይህ ክፍል የፍሳሹ ሽታ ወደ ቤት እንዳይመለስ ዘወትር ውኃ ይዞ እንዲቆይ ተብሎ የተሠራ ነው። የኩባያው ጎማ ወይም የመታጠፊያው የታችኛው መጋጠሚያ ከተበላሸ ያ የቆመ ውኃ ሌሊቱን ሙሉ ቀስ እያለ ይወጣል። ጠብታ የምትወርደው በየግማሽ ደቂቃው አንድ ጊዜ ቢሆን እንኳ በ8 ሰዓት ውስጥ 960 ጠብታ ይሆናል፤ 20 ጠብታ 1 ሚሊ ሊትር ያህል ስለሚመጣ ጠዋት ወደ 50 ሚሊ ሊትር ውኃ ጣውላው ላይ ተኝቶ ይጠብቅዎታል። ለቅጽበት ጎንበስ ብሎ የሚያይ ሰው ይህችን ጠብታ ባያገኛት አይደንቅም።

ሁለቱን ለመለየት መሣሪያ አያስፈልግም። ዛሬ ማታ ከካቢኔቱ ውስጥ ያለውን ዕቃ ሁሉ ያውጡ፤ ቱቦዎቹን፣ የኩባያውን ሥርና የኋላውን ግድግዳ አንድ በአንድ በደረቅ ጨርቅ ይወልውሉ፤ ከዚያ ወደ ቧንቧው የሚወጡትን ሁለት ቀጫጭን ቱቦዎች የሚዘጉትን ትንንሽ መዝጊያዎች ይዝጉና ከሥር ዝርግ ሳፋ አስቀምጠው ይተኙ። መዝጊያዎቹ ተዘግተውም ጠዋት ሳፋው ውኃ ከያዘ ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የሲፎኑ ነው። ደረቅ ሆኖ ካደረ በማግሥቱ መዝጊያዎቹን ከፍተው ይድገሙት፤ ያን ጊዜ ከረጠበ ሲፎኑን ይተዉትና የንጹሑን ውኃ መጋጠሚያዎች ይመልከቱ። መጠኑም ይናገራል። የተለመደ የወጥ ቤት ሲፎን የሚይዘው ውኃ ከግማሽ ሊትር ብዙም የማያልፍ ስለሆነ፣ ማንም ሳይጠቀም ሳፋው ውስጥ አንድ ሊትርና ከዚያ በላይ ካገኙ ያ ውኃ ከሲፎን ሊመጣ አይችልም። ቅባት ያለውና የሚሸት ከሆነ ደግሞ ከንጹሑ መስመር አይደለም።

እንደ አጻጻፍዎ ከሆነ እኔ ሲፎኑን እጠረጥራለሁ፤ ስለዚህ በዚያው እንቀጥል። ከሲፎኑ የትኛው መጋጠሚያ እንደሆነ ለማወቅ ዓይንዎን ሳይሆን ሶፍት ይመኑ። ውኃ ካፈተለከበት ቦታ ላይ አይወድቅም፤ በቱቦው ጀርባ ተንሸራትቶ ዝቅተኛውን ቦታ ካገኘ በኋላ ነው የሚንጠባጠበው። የሚንጠባጠበውን ቦታ ይዞ ማጥበቅ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር ነው፤ ከሁለቱ የጎማ ለውጦችዎ ቢያንስ አንዱ በዚህ ምክንያት የባከነ ሳይሆን አይቀርም። ማጠቢያውን ደፍነው እስከ ግማሹ ውኃ ይሙሉ፣ ሁሉንም ነገር ያድርቁ፣ ከዚያ ድፍኑን ነቅለው ውኃው በሙሉ ኃይሉ ሲወርድ ደረቅ የሶፍት ቁራጭ በእያንዳንዱ መጋጠሚያ ዙሪያ ያስነኩ፤ ከላይ ይጀምሩና ወደ ታች ይውረዱ። ሶፍቱ መጀመሪያ የሚረጥብበት የላይኛው ቦታ ነው ምንጩ። ከቧንቧ የሚወርድ ቀጭን ውኃ ለዚህ ፍተሻ አይበቃም፤ ቱቦውን ሳይሞላው በአንድ ጎን ተንሸራትቶ ያልፍና የታመመውን መጋጠሚያ ጤነኛ ያስመስለዋል። ድፍኑን ከነቀሉ በኋላ ወዲያው አይነሡ፤ ሩብ ሰዓት ያህል ቆይተው የኩባያውን ሥር በአዲስ ሶፍት ደግመው ይንኩት፤ የእርስዎ ጥፋት የሚታየው በዚህኛው ላይ ይመስለኛል።

አሁን ወደ መፍታቱ። መዝጊያዎቹ እንደተዘጉ ይሁኑ፤ ለፍሳሽ ሥራ ግድ ባይሆንም አንድ የቤተሰብ አባል ሳያውቅ ቧንቧውን ሲከፍት ራስዎ ካቢኔቱ ውስጥ እንዳይሆን ነው። ባልዲውን ከሲፎኑ ሥር ያስጠጉና ዳዶዎቹን በእጅዎ ይፍቱ፤ እምቢ ካሉ ብቻ በጨርቅ ሸፍነው መፍቻ ይጠቀሙ። ባልዲው ውስጥ የሚወርደው ውኃ ይሸታል፤ ስለዚህ ቶሎ ለመድፋት ይቸኩላሉ። እዚህ ላይ የራሴን ጉድ ልናገር፦ ሲፎን የፈታሁ የመጀመሪያ ቀን ያንን ጥቁር ውኃ አንሥቼ የደፋሁት ቀና ብዬ ባገኘሁት ማጠቢያ ውስጥ ነው፤ ሲፎኑ በግራ እጄ ነበር። ውኃው በካቢኔቱ አልፎ ጫማዬ ላይ ሲደርስ ነው የሆነው የገባኝ። ባልዲውን ወደ መጸዳጃ ቤት ይውሰዱት።

የተፈታውን ሁሉ ለብ ባለ ውኃና በሳሙና ይጠቡ፤ በተለይ ጎማው የሚያርፍበትን ጠርዝ። በዚያ ጠርዝ ላይ የደረቀ ቅባት እንደ ቀጭን ቅርፊት ይለጠፋል፤ በጣት ጥፍር ሲነካ ሸርተት የሚል ከሆነ ቅባት ነው፣ ሻካራ ከሆነ ከውኃ የተጠራቀመ ነጭ ድንጋይ ነው፣ እርሱም አቼቶ ውስጥ ጥቂት ሲቆይ ይለቃል። አዲስ ጎማ በዚህ ቅርፊት ላይ ሲቀመጥ ለጥቂት ቀን ይይዛል፤ ቅርፊቱ ውኃ ጠጥቶ ሲለሰልስ ግን በሥሩ መንገድ ይከፈታል። ለሁለት ቀን ቆሞ ተመልሶ የጀመረበት ምክንያት ይኸው እንደሆነ እገምታለሁ።

ከዚያ ዳዶውን ወደ ብርሃን ያንሡና ውስጡን ይመልከቱ። የእጅ ባትሪ ከጀርባው ሲበራበት ፀጉር የመሰለ ቀጭን መስመር ከጠርዙ ወደ መሐል ከታየ ዳዶው ተሰንጥቋል፤ የትኛውም ጎማ አያድነውም፣ ይቀየራል። ፕላስቲክ ዳዶ የሚሰነጠቀው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በእርጅና ሳይሆን በመፍቻ ነው። ይህን የምለው እርስዎን ለመውቀስ አይደለም፤ የሚያፈስስ ነገር ሲያይ ማጥበቅ የማይቃጣው ሰው አላጋጠመኝም። ነገር ግን በፍሳሽ መጋጠሚያ ላይ ውኃ የሚያግደው ጎማው እንጂ ጥርሱ አይደለም። ዳዶው ሥራው ጎማውን በዙሪያው እኩል ተጭኖ መያዝ ብቻ ነው። ከልክ በላይ ሲጠብቅ ጎማው ይጨማደዳል፣ በአንድ በኩል ይገፋል፣ በሌላው በኩል ክፍተት ይተዋል፤ «እንዲያውም የባሰበት ይመስለኛል» ያሉት ከዚህ የመጣ ሊሆን ይችላል። ቴፍሎንም በዚህ ቦታ ጥቅም የለውም። ቴፍሎን ጥርሱ ራሱ ውኃ በሚያግድበት በንጹሑ ውኃ መስመር ላይ ሲሆን መልካም ነው፤ በሲፎን ዳዶ ላይ ግን ጥርሱን አወፍሮ ዳዶው ጎማው ጋ ሳይደርስ የጠበቀ ያስመስለዋል። የጠቀለሉትን በሙሉ ይላጡት።

ሲገጥሙ የጎማውን አቅጣጫ ልብ ይበሉ። ዝርግ ጎማ በየትም ቢዞር ችግር የለውም፤ በአንድ ጎኑ ሾጠጥ ያለው ቀለበት ግን አቅጣጫ አለው። መጀመሪያ ዳዶው በቱቦው ላይ ይጠለቃል፣ ቀጥሎ ቀለበቱ፤ ቀጭኑ ጎኑ ቱቦው ወደሚገባበት አፍ፣ ወፍራሙ ጎኑ ወደ ዳዶው ይዞራል። ተገልብጦ ከገባ ለዓይን ምንም አይለይም፤ ውኃው ግን ይለየዋል። ቱቦው ቀለበቱን አልፎ ቢያንስ 2 ወይም 3 ሴንቲ ሜትር መግባት አለበት፤ ጫፉም ቀጥ ብሎ የተቆረጠ ይሁን። በሴጌቶ ተቆርጦ ቅርፍርፍ ያለ ጫፍ የሶፍትና የምግብ ትራፊ እየያዘ ኋላ መዘጋትን ያመጣል፤ በቢላዋ ወይም በብርጭቆ ወረቀት ይለስልስ።

ሌላው ብዙ ሰው የማያስበው ነገር መጣመም ነው። ሁሉንም ዳዶዎች በመጀመሪያ ላላ አድርገው ይያዟቸውና ሲፎኑን ለቀቅ አድርገው ይመልከቱት። በራሱ ቀጥ ብሎ ከተቀመጠ ደግ ነው። ከግድግዳው ቱቦ ጋር ለማገናኘት በእጅ ገፍተው መያዝ ካለብዎት ግን ርዝመቱ ወይም ከፍታው አልተስማማም ማለት ነው፤ ያ የተገፋ ቱቦ ሌት ተቀን ወደ ቦታው ለመመለስ ጎማውን ሲጫነው ይኖራል። ይህን በማጥበቅ ማሸነፍ አይቻልም፤ ቱቦው ይጠር ወይም በረጅም ይለወጥ። ሁሉም ያለ ግፊት ከተገናኘ በኋላ ዳዶዎቹን በእጅ እስከቻሉት ያጥብቁ፤ በመፍቻ መጨመር ከፈለጉ ከሩብ ዙር አያሳልፉ። ዳዶው ሲጀመር በቀላሉ መዞር አለበት፤ ከመጀመሪያው ዙር ጀምሮ ከከበደ ጥርስ ለጥርስ አልገጠመም፣ ተመልሶ ይፈታ።

በመጨረሻ ማጠቢያውን ሞልተው በአንድ ጊዜ ይልቀቁ፤ ሶፍቱን ያስነኩ፤ ማታም ደረቅ ወረቀት ከሥር አንጥፈው ያሳድሩ። ወረቀት ረጥቦ ቢደርቅ እንኳ ጨምደድ ያለ ምልክት ስለሚተው ከጨርቅ ይሻላል። ያበጠውን ጣውላ በተመለከተ በሮቹን ለብዙ ቀናት ከፍተው አየር ያስገቡለት፤ ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ ላስቲክ ወይም ቀለም ቢያለብሱት እርጥበቱን ውስጡ አሽገው ሻጋታ ያተርፋሉ።

ጥያቄ፦ የእኛ ማጠቢያ የሚያፈስሰው ውኃ ስንሞላበት ብቻ ነው። ውኃው የሚወርደው ማጠቢያው ከቱቦው ጋር ከሚገናኝበት፣ ወንፊቱ ካለበት አካባቢ ይመስላል። ከላይ በወንፊቱ ጠርዝ ዙሪያ ሲሊኮን ቀባሁ፣ ከሥርም ደገምኩ፤ ለውጥ የለም። ማጠቢያው የማይዝግ ብረት ነው። ምን ላድርግ?

መልስ፦ የቀቡትን ሁሉ ማንሣት ይኖርብዎታል፤ ይቅርታ ይደረግልኝ እንጂ ሌላ አቋራጭ የለም። ሲሊኮን እርጥብና ቅባት በነካው ገጽ ላይ አይጣበቅም፤ ከላይ ሲታይ የታሸገ ይመስልና ከሥሩ ግን እንደ ቆዳ ተላጦ ይነሣል። ከወንፊቱ ሥር የሚቀባው ደግሞ ጭራሽ ትርጉም የለውም፤ ውኃው ከላይ ገብቶ መውጫ ሲያጣ ሌላ ቀዳዳ ይፈልጋል።

ፍተሻው ቀላል ነው። ማጠቢያውን ደፍነው ሞልተው ሃያ ደቂቃ ያህል ሳይለቁ ያቆዩት። ውኃው ሳይለቀቅ ከሥር ካረጠበ በእርግጥ የአፉ ማሸጊያ ነው። የሚያፈስሰው በተለቀቀ ጊዜ ብቻ ከሆነ ግን ወንፊቱን አይንኩ፤ ጥፋቱ ከእርሱ በታች ነው፣ ከላይ ያለውን መልስ ይመልከቱ። በዚሁ አጋጣሚ በቧንቧው ግርጌና በማጠቢያው ጠርዝ ዙሪያም ጥቂት ውኃ ደፍተው ይዩ፤ ከቧንቧው ሥር ሰርጎ በማጠቢያው ሆድ ላይ ተንሸራትቶ ወንፊቱ ጋ የሚንጠባጠብ ውኃ ብዙ ሰው አታልሏል።

የወንፊቱ አሠራር ሁለት ዓይነት ነው። በመሐሉ አንድ ትልቅ ብሎን የሚታይ ከሆነ ሁሉን የያዘው እርሱ ነው፤ በካቻቢቴ ሲፈታ የላይኛውና የታችኛው ክፍል ይለያያሉ። ብሎን ከሌለው ከሥር በትልቅ ዳዶ የታሰረ ነው። ይህኛውን ሲፈቱ ወንፊቱ አብሮ ይዞራል፤ አንድ ሰው ከላይ የሁለት ካቻቢቴዎችን ጫፍ በወንፊቱ ቀዳዳዎች ውስጥ አስገብቶ በመካከላቸው ሌላ ብረት አጋድሞ ቢይዝልዎት ከሥር ያለው ሰው በነፃ ይፈታል። ብቻዎን ከሆኑ ትግል ነው።

ከተፈታ በኋላ የብረቱን አፍ ከላይም ከሥርም ጥርት እስኪል ያጽዱ። የድሮው ማሸጊያ በብረት ሳይሆን በፕላስቲክ መፋቂያ ይነሣ፤ በመጨረሻ በአልኮል ይወልወልና ይድረቅ። ይህ ማጽዳት ከሥራው ሁሉ አሰልቺው ክፍል ነው፤ ውጤቱን የሚወስነውም እርሱ ስለሆነ ሰዓት ይስጡት። ቀዳዳው ዙሪያ ብረቱ ተበልቶ ወይም ተሰንጥቆ ካገኙት ግን እዚህ ላይ ያቁሙ፤ ማሸጊያ የሚያርፍበት ደህና ጠርዝ ከሌለ መፍትሔው ማጠቢያውን መለወጥ ነው።

በወንፊቱ ከንፈር ሥር፣ ማለትም ከማጠቢያው ገጽ ጋር በሚገናኘው ጎን፣ እንደ እርሳስ የወፈረ አንድ ያልተቋረጠ የሲሊኮን መስመር በዙሪያው ያኑሩና ወደ ቦታው ይጫኑት። ከሥር ተራው ይህ ነው፦ መጀመሪያ ወፍራሙ ጎማ፣ ቀጥሎ የወረቀት ወይም የፕላስቲክ ቀለበት፣ በመጨረሻ ዳዶው። የወረቀቱ ቀለበት ለይስሙላ የተጨመረ መስሏቸው የሚጥሉት አሉ፤ እርሱ ከሌለ ግን ዳዶው ሲዞር ጎማውን ይዞት ይዞርና ያጣምመዋል። ሲጠብቅ ሲሊኮኑ በከንፈሩ ዙሪያ እኩል ወደ ውጭ ከወጣ በደንብ ተይዟል፤ ትርፉን ይጥረጉ። ቀጭን ብረት ስለሆነ ከልክ በላይ ከጠበቀ ወደ ታች ይሰረጉድና ውኃ ወንፊቱ ዙሪያ መቆም ይጀምራል። ከዚያ ቢያንስ 24 ሰዓት ውኃ አያስነኩት። ሳይሸሸግ የሚነገር ነገር ቢኖር፣ ከሥራው ሁሉ የሚከብደው ይህ አንድ ቀን ነው፤ ወጥ ቤት ያለ ማጠቢያ የሚውልበት ቀን አስቀድሞ ይመረጥ።

አንዳንድ ባለሙያ በሲሊኮን ፈንታ እንደ ሊጥ የሚለሰልስ የቧንቧ ሠራተኛ ማስቲሽ ይጠቀማል። ለማይዝግ ብረት ይሆናል፣ መድረቂያ ጊዜም አይጠይቅም። ዘይት ስላለበት ግን የተፈጥሮ ድንጋይን ያቆሽሻል፣ አንዳንዱንም ፕላስቲክ ይጎዳል፤ ማጠቢያዎ ከእነዚህ የተሠራ ቢሆን ኖሮ አልመክርዎትም ነበር።

ጥያቄ፦ ሲፎናችን ተሰብሮ ሲያፈስስ የጠገነልን ሰው አውጥቶ ጣለውና እንደ አኮርዲዮን የሚሳብ ተጣጣፊ ቱቦ ከማጠቢያው አፍ በቀጥታ ወደ ግድግዳው ቱቦ ዘረጋልን። ማፍሰሱ ቆሟል፤ ከዚያ ወዲህ ግን በተለይ ማታ ማታ ወጥ ቤቱ ይሸታል። ሁለቱ ይገናኛሉ ወይ?

መልስ፦ በደንብ ይገናኛሉ። ሲፎን ውኃ የሚይዘው ለዚሁ ነው፤ በመታጠፊያው ውስጥ ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍታ ያለው ውኃ ቆሞ ከፍሳሽ መስመሩ የሚመጣውን ጋዝ ያግዳል። ቀጥ ብሎ የተዘረጋ ቱቦ ይህ ድፍን የለውም፤ ቤትዎ ከፍሳሽ መስመሩ ጋር በክፍት በር ተገናኝቷል ማለት ነው። ከሽታው ጋር በረሮም ይህንኑ መንገድ ይጠቀምበታል።

ተጣጣፊውን ቱቦ ወደ ታች አጉብጦ አስሮ ውኃ እንዲይዝ ማድረግ ይቻላል፤ ብዙ ቦታም ተደርጎ ይታያል። ለጥቂት ሳምንታት መሸጋገሪያ ካልሆነ ግን አልወደውም። የውስጡ እጥፋት ሁሉ ቅባት ይይዛል፣ ማሰሪያው ሲላላ ጉብጠቱ ይጠፋል፣ ሲጸዳም ቀጭን ስለሆነ ይቀደዳል። ውስጡ ልሙጥ የሆነ፣ በእጅ የሚፈታ ሲፎን ይግጠሙ። ከሲፎኑ ወደ ግድግዳው የሚሄደው አግዳሚ ቱቦ በ1 ሜትር ርዝመት 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ግድግዳው ይዝቀጥ፤ ወደ ማጠቢያው ከዘቀጠ ቆሻሻ ይቆምበታል።

ሲፎን ተገጥሞም ሽታው ከቀጠለ ጆሮዎን ያስጠጉ። ውኃው ወርዶ ሲያበቃ ቱቦው «ጉልግል» ብሎ የሚስብ ድምፅ ካሰማ መስመሩ አየር አጥቶ የሲፎኑን ውኃ አብሮ እየሳበው ነው። ሲፎኑ ታጥፎ ከተመለሰ በኋላ ወደ ግድግዳው ሳይሄድ ቁልቁል ወደ ወለሉ የሚወርድ ከሆነ ይህ በተለይ ያጋጥማል። ይህኛው የመተንፈሻ መስመር ሥራ ስለሚጠይቅ ለባለሙያ ይተው። ድምፅ የሌለውና ቤቱ ለሳምንታት ተዘግቶ ሲከፈት ብቻ የሚመጣ ሽታ ግን ውኃው ስለተነነ ነው፤ አንድ ጆግ ውኃ መድፋት ይበቃዋል።

ጥያቄ፦ ማጠቢያችን ውኃ ቀስ ብሎ ነው የሚያወርደው፤ በጣም በሚዘገይበት ቀን ደግሞ ከሥር ያፈስሳል። ኮስቲክ ሶዳ ጨምሬ ልክፈተው ወይስ መጀመሪያ የሚያፈስሰውን ልጠግን?

መልስ፦ መጀመሪያ መዘጋቱን ያስወግዱ፤ ነገር ግን በኮስቲክ ሶዳ አይደለም። ነፃ ሆኖ የሚወርድ ፍሳሽ መጋጠሚያውን ነክቶት ብቻ ያልፋል፤ የተዘጋ ቱቦ ግን እስከ ማጠቢያው ድረስ ሞልቶ ስለሚቆም ውኃው በከፍታው ልክ እያንዳንዱን ጎማ ይጫናል፣ በደህና ጊዜ የማይታየው ድክመት ያን ቀን ይወጣል። በጎማ መምጠጫው ደጋግመው ይሞክሩ፤ ማጠቢያው ሁለት ጎድጓዳ ያለው ከሆነ የሌላውን አፍ በእርጥብ ጨርቅ መድፈን አይዘንጉ፣ አለዚያ አየሩ በዚያ ይወጣል። ካልሆነ ሲፎኑን ፈትተው ይጠቡ፤ መዘጋቱ ብዙ ጊዜ እዚያው ነው።

ኮስቲክ ሶዳ አንዴ ከተጨመረ በኋላ ካልከፈተው ሲፎኑ ቆዳና ዓይን በሚያቃጥል ውኃ ተሞልቶ ይቀራል፤ ያንን ደግሞ ፊት ለፊቱ ተንበርክኮ መፍታት ይመጣል። አስቀድመው ጨምረውት ከሆነ የጎማ ጓንትና የዓይን መከላከያ ሳያደርጉ ምንም ነገር አይፍቱ፤ የሚፈታልዎትም ሰው ካለ ምን እንደተጨመረ ይንገሩት። በረኪናና አቼቶ፣ ወይም በረኪናና ሌላ አሲድ ያለበት ማጽጃ በአንድ ማጠቢያ ውስጥ ከተገናኙ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል፤ ይህም ለሳንባ አደገኛ ነው። የፈላ ውኃም በፕላስቲክ ቱቦ ላይ አይደፋ፤ ቱቦው የሚሠራበት ፒቪሲ የሚባለው ፕላስቲክ ውኃው ገና ሳይፈላ ይለሰልሳል፣ የለሰለሰ መጋጠሚያ ደግሞ ወደ መጀመሪያው ጥያቄ ይመልሰናል። ከቧንቧ የሚወርድ ትኩስ ውኃ ከሳሙና ጋር ለቅባት በቂ ነው።

ጥያቄ፦ የተሰነጠቀ ሲፎን በማጣበቂያ ወይም በፕላስተር ቢታሸግ ይይዛል ወይ?

መልስ፦ ደረቅ ሆኖ ከታሸገ አዲሱ እስኪገኝ ድረስ ለጥቂት ቀናት ይይዝ ይሆናል። ከሥሩ ባልዲ ይኑር። ሲፎኑ ብረት ከሆነና ስንጥቁ በአረንጓዴ ወይም በነጭ ዝገት ከተከበበ ግን የሲፎኑ ብረት ከውስጥ ተበልቶ ስላለቀ ሲነካ ሊፈረካከስ ይችላል፤ ማሸጉን ትተው መላውን ይለውጡት።